ከኋላ የሚያጉረመርመው

እኛ ግሩፕ ውስጥ «አሪፍ ነው» ማለት ክልክል ነው። «ቀጥይበት» ማለትም ክልክል ነው። የእሳት፣ የጭብጨባና የልብ ምልክት መላክማ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ የቀዳውን ዘፈን ቴሌግራም ላይ ሲለጥፍ፣ የሰማው ሰው አስተያየት የሚሰጠው በራሱ ድምፅ ዘፍኖ ነው። ስህተት የመሰለውን ቦታ መጀመሪያ ልክ እንደ ባለቤቱ አድርጎ ይዘፍነዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ መሆን አለበት ብሎ እንደሚያስበው። ስህተቱን አስመስሎ መዝፈን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፣ የሰውን ጉሮሮ መንቀጥቀጥ ሳይቀር እየቀዳን እንመልስ ነበር። ማብራሪያ የለም፣ ክርክር የለም።

ሕጉን ያወጣው የግሩፑ ኃላፊ ነው። ጅማ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፣ ክራር ይመታል፣ ሲበዛ ጥንቁቅ ነው። መምህሩ እንለዋለን። «የሚጽፍ ሰውማ መች ጠፋ፤ እስቲ ዘፍኖ ያሳየኝ» ይል ነበር። ያሰባሰበው ሰው ደግሞ ከየአቅጣጫው ነው። መዝሙር የሚያወጣ አለ፣ መንዙማ የሚል አለ፣ የፍቅር ዘፈን ብቻ የሚዘፍን ባጃጅ ነጂ አለ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ የገቡ አሉ። አብዛኞቻችን በአካል ተያይተን አናውቅም፤ ድምፃችንን ግን አንዳችን የሌላውን ከሳል ላይ ሳይቀር እንለየዋለን።

ሁለተኛው ሕግ ከሐዘን የመጣ ነው። በፊት ከሊሙ በኩል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋ የተሰነጠቀበትን ቅጂ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ከግሩፑ አውጥቶ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰው ሳቀባት፣ ገበያ ወጥታ እንኳን የሚያስመስላት አልጠፋም፤ ልጅቷም ከዚያ ወዲያ አልዘፈነችም። መምህሩ በዚህ ክፉኛ አዘነ። ከዚያ በኋላ የታረመው ዘፈን ሲለጠፍ የድሮው «ለሁሉም አጥፋ» ተብሎ ከግሩፑ ይጠፋል፤ ወደ ስልኩ ያወረደ ሰውም ከስልኩ ያጠፋል። ማንም ሰው በስህተቱ እንዳይቀር ነው። ሁላችንም ወደነዋል፤ እኔም ወድጄዋለሁ።

በጽሑፍ እንዲነገር የተፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጩኸት። ዶሮ ጮኸ፣ ባጃጅ አለፈ፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ አለ ይባላል። ጩኸትን ዘፍኖ የሚያርም ሰው የለማ።

እኔ ቀን ቀን እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ቤታችን ቦሳ አዲስ ሰፈር ነው፤ የምንኖረው አባቴና እኔ ነበርን። እናቴ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው፤ ወንድሞቼ ኑሮ ወደየፊናቸው ወስዷቸዋል። ዘፈን የምቀዳው እሁድ ከቸርች መልስ ነበር። ግሩፑ ውስጥ እንደሌላው ሰው ስቱዲዮዬ ብርድ ልብስ ነው፤ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እከናነበውና ስልኩን አገጬ ሥር አስጠግቼ እዘፍናለሁ። ስጨርስ ከምጣድ የወጣሁ ነበር የምመስለው። ሰው አይቶኝ ቢሆን ኖሮ ወደ ጸበል ወይ ወደ ነቢይ ይወስደኝ ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ከዳውሮ ቡና ሥራ ፍለጋ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ደረቁን ጀንፈል ቡና ከገለባው የሚለይ የመቀሸሪያ ማሽን አጠገብ ቆሞ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ሰው የራሱን ጩኸት አይሰማም፤ ገለባው ደግሞ ከአፍንጫ እስከ ቅንድብ ይሞላል። ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣው የደነቆረ ጆሮና አንድ ልማድ ነው። ያንጎራጉራል። አፉን ዘግቶ፣ ከደረቱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሥራ ላይ እያለ ለማሽኑ ያንጎራጉር እንደነበር ጓደኞቹ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ያኔ ነገሬ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። ቤታችን ውስጥ ካሉት ድምፆች አንዱ ነበር፤ እንደ ውጭ በሩ ሲጢጥታ ያለ።

ያን ጊዜ ስለ ክረምት አንድ ዘፈን ሠርቼ ነበር። ግጥሙ ትንሽ ልጅነት ይበዛዋል፤ ዜማው ግን ዛሬም አያሳፍረኝም። አባቴ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ስሠራው፣ ሳፈርሰው፣ ስሠራው ሰምቶኛል፤ ማለቴ በሚሰማው ልክ። ቀድቼ ለጠፍኩት። ብዙም ሳይቆይ የጽሑፍ መልስ ይዘንብብኝ ጀመር።

«ፍሪጅ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። እኛ ፍሪጅ የለንም።

«ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው ቤታችሁ?» አለች ሌላዋ።

ባጃጅ ነጂው ደግሞ «የኔ ሞተር ሊበላሽ ሲል ልክ እንዲህ ነው የሚለው፤ ቶሎ አሳዪው» ብሎ ጻፈ። መጨረሻ ላይ መምህሩ መጣና «እህቴ፣ ከኋላ የሆነ ነገር ያጉረመርማል። እሱን አስወግደሽ ድገሚው» አለ።

መልሼ ሰማሁት። አባቴ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ከዘፈኔ ጋር አብሮ ያንጎራጉራል። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩና ሄጄ በደህናው ጆሮው ጮክ ብዬ ነገርኩት።

«እኔ?» አለ። «ኧረ ተይኝ አንቺ ልጅ። እኔ አፌን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት።»

«አፍህን ዘግተህ ነዋ የምታንጎራጉረው።»

አላመነኝም። ኢርፎኑን ጆሮው ውስጥ ከትቼ ዘፈኑን ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ እኔን ብቻ ነው የሰማው። ከኋላ ያለውን፣ ዝቅ ያለውን፣ የራሱን ሊሰማው አልቻለም። እስከ መጨረሻው ጠብቆ ኢርፎኑን አወለቀና ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ታዲያ ሥራሽን እያበላሸሁብሽ ነው?» አለኝ።

«ምን ታበላሻለህ አባዬ፤ ሰዉ እየቀለደ ነው።»

በሚቀጥለው እሁድ ብርድ ልብሴን ሳነሳ ሲያየኝ በርጩማውን አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ማንም አላለውም። «ተቀመጥ እንጂ» ስለው «ጀምሪ፣ ጀምሪ፤ እኔ ትንሽ ነፋስ ልቀበል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ። ብርድ ልብሱን ሲያይ ይነሳል። ደረቅ ቀን ከሆነ አጥሩ ጥግ አቮካዶው ሥር ይቀመጣል፤ ሲዘንብ ላስቲክ ደርቦ ጣሪያው ጫፍ ሥር ይቆማል። የጅማ ዝናብ ደግሞ መቼ እንደሚያባራ አይታወቅም። ስለምነው ይቆጣል። አንዴ በሩን ከውስጥ ብቆልፍበት እስክከፍትለት ድረስ እንደ ጅብራ በሩ ላይ ቆመ። ስጨርስ በሩን እከፍትና «አለቀ አባዬ፣ ግባ» እለዋለሁ።

«ወጣልሽ?» ይላል ውኃውን ከትከሻው እያራገፈ።

«ወጣልኝ።»

በእርግጥም ወጥቶልኝ ነበር። የክረምቱን ዘፈን ንጹሁን ለጠፍኩ፤ የድሮው እንደ ሕጉ ለሁሉም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስለ ጩኸት የጻፈልኝ ሰው የለም። በቸርቻችን ኳየር ሁለተኛ ድምፅ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ከታች ሆኖ ሰው መደገፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

አባቴ ከአንድ ዓመት በኋላ ክረምት ላይ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ሆስፒታል ስንሄድ ሳንባው ነው አሉን፤ ሐኪሙ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ጠየቀኝና ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ቡናው መቅላት ሲጀምር ሞተ። ድንኳናችን ውስጥ የመቀሸሪያው ጓደኞቹ በአንድ በኩል፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሌላ በኩል ተቀመጡ፤ ኳየራችን ዘመረ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ። ባጃጅ ነጂውና መምህሩም መጥተው ነበር። መምህሩን በአካል ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከድምፁ ይልቅ አጭር ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ብዙ ጊዜ አልዘፈንኩም። አንድ እሁድ ግን ብርድ ልብሱን አነሳሁ። የሚነሳ ሰው አልነበረም፣ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ቀዳሁና ለጠፍኩ። መምህሩ ሕጉን ጥሶ በጽሑፍ አመሰገነኝ። «ዛሬ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ምንም ጩኸት የለውም።»

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ እኔን ለማበረታታት ነው የጻፈው። ቢሆንም ያን ሰዓት አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ስድብ ጽፌ ሳልልከው አጠፋሁት። ቀጥሎ በባዶው ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ የአባቴን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ፊቱ ይመጣል፣ እጁ ይመጣል፣ ከላስቲኩ የሚንጠባጠበው ውኃ ሳይቀር ይመጣል። ድምፁ አይመጣም።

ድምፁ ያለበት ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ፎቶ ሞልቷል። የድምፅ መልእክት ልኮ አያውቅም፤ በማይሰማ ጆሮ ምን ሊያደርግለት። የወንድሜ ሠርግ ቪዲዮ ላይ አለ፤ እያኘከ ነው፣ ኪቦርዱም ይጮሃል። ያኔ ነው የመጀመሪያው የክረምት ዘፈን ትዝ ያለኝ። ፍሪጅ የተባለው፣ ወፍጮ የተባለው። አባቴ በዚህ ዓለም ላይ ድምፁ የተቀዳው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚያውም በስህተት። ከስልኬ ላይ ሜሞሪ ሲሞላብኝ ጠርጌዋለሁ። ከግሩፑ ደግሞ በሕግ ጠፍቷል።

ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «ያኔ ከኋላ የሚያጉረመርመው አባቴ ነበር። የድሮውን ቅጂ ሳያጠፋ የቀረ ሰው ካለ አልቀየመውም፤ እባካችሁ ይላክልኝ» አልኩ።

ሕግ የጣሰ ሰው አገኝ ይሆን ብዬ እንደዚያ የጓጓሁበት ጊዜ የለም። አንድም ሰው አልጣሰም። ባጃጅ ነጂው ሥራውን ትቶ ባጃጁ ላይ የሚያዳምጥበትን ፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተን፣ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ ያለውን ሁሉ ሰማን። ንጹሑ ብቻ ነው ያለው። «ምነው ያን ቀን ሰነፍ ብሆን ኖሮ» አለና አቀርቅሮ ወጣ። መምህሩ ደግሞ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለዚህ ብዬ አልነበረም።» አውቃለሁ ብዬ መለስኩለት። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ተቀይሜዋለሁ፤ ንዴቴን በማን ላይ ልወጣው?

ተስፋ ቆርጬ እያለሁ ከአጋሮ ተደወለልኝ። ግሩፑ ውስጥ የምናውቃት የልብስ ሰፊ ሴት ናት፤ በመንዙማ ድምፅዋ ሁላችንንም የምታስከነዳ፣ በዕድሜም የምትበልጠን። ብዙ አትለጥፍም። «ቅዳሜ ነይ» አለችኝ። «በስልክ የምነግርሽ ነገር አይደለም።»

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ አላጠፋችውም። ሱቋ አጋሮ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ በየግድግዳው ያላለቀ ቀሚስ ተሰቅሏል። ስታየኝ የስፌት መኪናዋን አቁማ ተነሳች፤ አቅፋኝ «አላህ ይርሐማቸው» አለችኝ። አስቀምጣኝ ሳታበቃ ነገሩን አወጣችው።

«ቀድሜ ልንገርሽ፤ በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጥሽ። የእሳቸው ድምፅ የለኝም። ወላሂ እኔም እንደ ሕጉ አጥፍቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠሩኝ?» አልኳት። ከሚገባው በላይ ቆጣ ብዬ ነበር።

አልተቀየመችኝም። መቀሷን ከፊቷ ወደ ጎን ገፋች። «እኔ ጩኸት መሆኑን አላወቅሁም ነበር» አለች። «እኛ ጋ፣ መንዙማ ላይ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሰው ለብቻው አይተውም። ያንቺን ስሰማ፣ እሰይ፣ ከታች ሆነው የሚይዙላት ሰው አሏት አልኩ። ሁለተኛ ድምፅ ነው የመሰለኝ። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ስህተት አየሁባቸውና እርማቱን ለእሳቸው ቀዳሁ። ልለጥፍ ስል ሰዉ ፍሪጅ ነው፣ ወፍጮ ነው ይላል። አፈርኩ። ማል ጎና፣ ምን ላድርግ? ሳልልከው ይዤው ቀረሁ።»

ያልተለጠፈ ነገር እንዲጠፋ የሚያዝ ሕግ አልነበረንም። ስልኳን አወጣች፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን የመንገድ ድምፅ ለመቀነስ አንዱን የበር ክንፍ ዘጋችና ቅጂውን ከፈተችው።

የሴት ድምፅ ነው። የቻለችውን ያህል ዝቅ አድርጋ፣ አፏን ዘግታ ታንጎራጉራለች። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ቀጥሎ እኔ በዘፈኑ የምወርድበት ቦታ ላይ አባቴ ወጣ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከእኔ ትንሽ ኋላ ቀርቶ ደረሰብኝ። መስመሩ መሐል ላይ፣ ማንም ዘፋኝ በማይቆምበት ቦታ ቆሞ አየር ሳበ፤ ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና ቀጠለ። ድምፁ የእሱ አልነበረም። የቀረው ሁሉ ግን እሱ ነበር። እንደ ሕጋችን ስህተቱን አስመስላ ዘፍናዋለች፤ አስመስላ ስል ደግሞ ምንም ሳታስቀር ነው።

ቅጂው መሐል ላይ ሴትየዋ ቆም አለችና «አሁን ደግሞ እንዲህ ቢሆንስ» ብላ ደገመችው። ይኸኛው ያምራል። ረጅም፣ ሙሉ፣ ከእኔ ጋር እኩል የሚደርስ።

«ምኑን ነው ያረሙት?» አልኳት።

«ትንፋሻቸውን» አለች። «ዘፈኑ ሲጀመር ይደርሳሉ። ወደ መጨረሻው ግን መስመሩ ሳያልቅ ያጥራቸዋል፤ እየቆየ ይብስባቸዋል። ቀደም ብለው አየር ቢወስዱ ብዬ...» አልጨረሰችውም። የተናገረችው ለራሷም የገባት እዚያ ላይ ነው። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ያን ዘፈን ስቀዳ አባቴ ገና ሳል አልነበረውም። ሳንባው መድከሙን ከሐኪሙ በፊት፣ ከእኔ በፊት፣ ከእሱ ከራሱም በፊት የሰማችው አጋሮ የተቀመጠች አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ ለዘፋኝ አስተያየት የምትሰጥ መስሏት። ቀድመን ብናውቅም ያው ነበር፣ የገለባ ሳንባ አይድንም ብሎኛል ሐኪሙ፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሆኖም ያን ቀን ያስለቀሰኝ ይህ አልነበረም። አባቴ አስተያየት ተሰጥቶት ነበር። በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው እንደ ዘፋኝ ሰምቶት፣ ስህተቱን ለቅሞ፣ እርማቱን ዘፍኖ አስቀምጦለት ነበር። እሱ ግን ሥራዬን የሚያበላሽ መስሎት ላስቲክ ደርቦ ዝናብ ላይ ቆሟል። ይህን ማን ይነግረዋል? የሰው ቀሚስ እቅፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ ጨርቁ ሲርስ እንኳን ሴትየዋ አልወሰደችብኝም።

ጎኔ ቁጭ ብላ እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ። ከዚያ ስልኳን አነሳችና በለሆሳስ ጠየቀችኝ።

«እንግዲህ ልላክልሽ። ስህተቱን ቆርጬ ላውጣውና የታረመውን ብቻ ልላከው? እሱ ይሻልሻል፤ ትንፋሹ ሙሉ ነው።»

«የታረመው ይቅር» አልኳት። «ስህተቱን ይላኩልኝ።»